ከመኪናዋ ሥር ያደረ ካርቶን

አዳማ ላይ ነፋስ ሲነሣ፣ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚገዛ፤
አቧራውና ደላላው ሳይመካከሩ አይቀሩም፣ እንዲያው እንደዋዛ።

ከበቆጂ የድንች ዘር አወርዳለሁ፤ ጭቃው እስከ ጉልበት ነው ክረምት፣
አራቱም እግሯ የሚቧጥጥ አሮጌ መኪና ፍለጋ፣ ዞርኩ ሦስት ሳምንት።
በስቱኮ የተደፈነ ጉንጭ አየሁ፣ ለገበያ የተኳለ መብራት፣
ኪሎ ሜትሯ ወደ ኋላ የተመለሰ፣ ዕድሜዋን እንደደበቀች ሙሽሪት።
"ዶክተር ነው የነዳት፤ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት" ይላሉ ሁሉም፤
"ይህ ሁሉ ዶክተር ካለ፣ ሞተሩ ለምን ያስላል?" ስል፣ አይሰሙም።

ኋላ ኦቦ ዋቆን ለመንኩ፤ ከፍራንኮ በታች ጋራዥ ነበረው፣ ዘግቷል፤
አርባ ዓመት ብረት ሲቀጠቀጥበት፣ ጆሮው ደክሞት ተኝቷል።
"የማይሰማ መካኒክ ምን ሊበጅ?" ያለ ሰው ግን ተሞኝቷል።
ሞተር ሲነሣ ካቻቢቴ ያወጣል፤ ጫፉን ብረቱ ላይ ተክሎ
እጀታውን በጥርሱ ይነክሳል፣ ዓለምን ወዲያ ጥሎ።
በአጥንቱ ነው የሚሰማው። ሦስተኛው ሲሊንደር ቢሰንፍ፣ ቫልቩ ቢያንኳኳ፣
ከመንጋጋው ወደ ግንባሩ ይወጣል።
ደላላ ቢጮህ ባይጮህ፣ ለእሱ ያው ነው ለካ።

ያቺ ላንድክሩዘር ከመብራት ኃይል ጀርባ ቆማ ነበር፣ በወይዘሮ ዝናሽ ግቢ፤
ነጭ የነበረች፣ አሁን የሻይ ቀለም ያላት፤ ዶሮ የሚያድርባት ከጎን ወንበሯ አጠገቢ—
እዚህ ላይ ቤት አልመታ አለኝ። ሴትየዋም እንደዚያው ነበሩ፣ ቤት የማይመታ ነገር የሚናገሩ፦

"ጠዋት ብርድ ከያዛት አትነሣም፤ ሁለቴ ለምናት።
የአሰላን ዳገት ስትወጣ ትፈላለች።
ፎርዊሉን ለማስገባት ወርደህ እግሯን በእጅህ አዙር፤ የቀኙ እምቢ ይላል፣ ስደበው።
ውኃ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር። ባሌን ባሌ አድርሳ መልሳዋለች፣ ቦረና አድርሳ መልሳዋለች።
ሳይመለስ የቀረ ቀን፣ በአውቶቡስ ነበር የሄደው።"

ደላላው እንግዳሸት ሳል በሳል ሆነ፤ እግራቸውን ሊረግጥ ቃጣ።
ዋቆ ከሥሯ ገብቷል። በትንሽ መዶሻ ሻንሲዋን መታ፣ መታ፣
መዳፉን ለጥፎ ቆየ። ከባሌስትራው ራስ ላይ ዝገት አገኘ፣ ጥፍሩን አስገባ።
ከዚያ ጮክ ብሎ፣ የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ፣ "ካርቶን አምጡ!" አለ፣ "ሰፊ! የመኮሮኒ!"
ዘርግቶ አራት ድንጋይ ጫነበት፣ ነፋሱ እንዳይወስደው።
"ሰው ቀን ለቀን ይዋሻል፤ መኪና ሌሊት ታወጣዋለች። ነገ እንመጣለን።"

በነጋታው ሦስታችን ተንበርክከን እንደ ደብዳቤ አነበብናት።
ጥቁር ጠብታ፣ ባቄላ የምታህል፦ "ሞተር። ዕድሜ ነው፣ ተዋት።"
ዝገት የመሰለ ውኃ፦ "ራዲያተር። የአሰላ ዳገት ይኸውልህ። ሴትየዋ አልዋሹም።"
ሌላም ነበረች፣ ከኋላ ግራ ጎማ ትይዩ፣ ቀለም የሌላት።
ጣቱን ነክሮ አሸተተ። ዝም አለ።
"ፍሬን። ይኼን አልነገሩህም።"

ወይዘሮ ዝናሽ ጣቱን አዩ እንጂ መልስ አልሰጡም።
ቆይተው፣ "እሱ ከሞተ ወዲህ፣ ማን ረግጦባት?" አሉ።

መንገድ ላይ ዋቆን ክንዱን ይዤ፣ አፌን እንዲያይ ፊቱ ቆሜ፣ ጠየቅሁት።
"መኪና ሁሉ ይከዳል" አለኝ፤ አላፊ አግዳሚው ዞሮ አየን፤
"ይቺ ግን ተናግራ ነው የምትከዳህ። ምን ትፈልጋለህ ሌላ?"

ለፍሬኑ አስቀነስኩ። ለዝገቱ አስቀነስኩ። ለዶሮዋ ኩስ እንኳ አስቀነስኩ፤
ባላቸው ለነዳበት ግን፣ አንድ ብር ልቀንስ አፌ አልደፈረም፣ ተውኩ።

ሊብሬዋን ከካርቶኑ ጋር አጥፌ፣ አንድ መሳቢያ ውስጥ አኖርኩ።
ሊብሬው የማን እንደነበረች ይላል።
ካርቶኑ ማን እንደሆነች።