ስንጥሩን መርምር

የአዌቱ ድልድይ ጥግ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣
ጋሽ ተማም መጻሕፍት ይዘረጋል በሸራ፤
የፈተና ጥያቄ፣ የመድኃኒት ቅጠል፣
ግማሹ የረጠበ፣ ግማሹ የሚነጠል።
"ምን ልፈልግልህ?" አለኝ።
"ኬንዶ የሚያስተምር።"
"እሱ ደግሞ ምንድን ነው?"
"ሰይፍ ነው፣ ከቀርከሃ፤ ጃፓኖች የሚማሩት፤
መምህር በሌለበት ከመጽሐፍ ነው እንጂ ከየት ያመጡት?"
ጋሽ ተማም ሳቀና፣ ትከሻውን ሰብቆ፣
ሦስት አወጣልኝ ከካርቶን ሥር ፈልቅቆ።

አንደኛው ያበራል። ሽፋኑ ላይ ሰውዬው
አየር ላይ ተንሳፏል፤ መሬቱ የት እንዳለው
አይታይም። "በሠላሳ ቀን ጌታ" ይላል በወርቅ ቀለም።
ገለጥኩት፦ ምት፣ ምት፣ ምት። ስለ መቆም አንድም ቃል የለም።

እኔ በርጩማ ነው የምሠራው፣ ባለ ሦስት እግር፤
ዋንዛ ያስተማረኝ ይህ ነው ቁም ነገር፦
ያለቀ ወንበር ብቻ የሚያሳይህ አናጢ ይዋሻል።
ተሰንጥቆ ለማገዶ የሄደውስ የት ይሸሻል?

ሁለተኛው ከባድ፣ እንደ ጡብ፣ ቁም ነገረኛ፤
ስለ ጨረቃ ያወጋል፣ ስለ ዝምታ፣ ስለ ነፍስ እረኛ።
ደስ ይላል። ቆሜ አነበብኩት፣ አንድ ምዕራፍ ሙሉ፤
"እኔን የት ታደርገኛለህ?" አለኝ ግራ እግሬ በመሃሉ።
እውነቱን ነው። ከነፍስ በፊት ተረከዝ አለ።
ሌላ ቀን እመለሳለሁ፤ መጽሐፍ መቼ ኮበለለ።

ሦስተኛው ሽፋን የለው። ፎቶ ኮፒ፣ ያውም ያዘመመ፣
ዩኒቨርሲቲው በር ላይ የተባዛ፣ በሲባጎ የታከመ።
ገና ከመጀመሪያው ገጽ፣ ስለ ምት ሳያወራ፣
ሰላም እንኳ ሳይለኝ አዘዘኝ በተራ፦
"ቀርከሃህን ዳብስ፤ ስንጥሩን መርምር።
በጭንብሉ ፍርግርግ ሾልኮ ያልፋል ስንጥር፤
የባልንጀራህ ዓይን ነው ከዚያ ወዲያ የሚኖር።"

ቆምኩ።
ስንት ስንጥር ገብቶ ወጥቷል ከዚህ ጣት፣ ስንት ዓመት!
እኔ ስለ ጠላት ልማር መጣሁ፤ እሱ የሰው ዓይን ነው ያለበት ጭንቀት።

ገጽ ዘጠኝ እግር ብቻ። ግራ ተረከዝ ከመሬት ከፍ፣
ወረቀት ቢሾልክ በሥሩ የሚያልፍ።
ገጽ አሥራ አንድ እጅ፤ የግራ ትንሿ ጣት ትጨብጣለች፣
ቀኝ እጅ እንግዳ ናት፤ መንገድ ታሳያለች።
አጣሞ የቆመ ሰው ተሥሏል፤ ከጎኑ የታረመው።
ስሕተት የሚሥል መጽሐፍ ነው እኔ የማምነው።

ደግሞም እርሳስ፤ በየኅዳጉ፣ ጭረቱ የደበዘዘ፦
"ዛሬ መቶ። ትከሻዬ ደነዘዘ።"
"ዝናብ። ከጣሪያ ሥር መታሁ።"
"ይህን ምዕራፍ ለአራተኛ ጊዜ አየሁ።"
በአማርኛ። አንዳንዴ በኦሮምኛ።
ጅማ ላይ፣ ከኔ ቀድሞ፣ ማነው ይህ ብቸኛ?

"እኔ እንጃ" አለ ጋሽ ተማም፤ "ከጋዜጣ ጋር በኪሎ የመጣ ነው። ስድሳ።"
ሽፋን የለውም ብዬ ተከራከርኩ፤ ሰጠኝ በሃምሳ።
(ቤት ስደርስ አፈርኩ፣ ከቦርሳ ሳነሳ።)

አሁን ማታ ማታ፣ መጋዙ ዝም ሲል፣
ዙልፋ ከጎማ ቤት ትመጣለች፣ እጇ ግሪስ ግሪስ ሲል።
መጽሐፉ በርጩማ ላይ፤ ነፋስ እንዳይገልጠው መሮ ጭነንበት፣
እሷ ታነባለች፣ እኔ እቆማለሁ፤ ደግሞ በተራዋ እሷ ትቆማለች፣ ሰጋቱራው ላይ ረግጣበት።
ጩኸቱ ያሳፍረናል። መጽሐፉ "ጩኽ" ይላል፤
ጎረቤት እስኪለምድ በሹክሹክታ ይበቃል።

ምናልባት አንድ ቀን መምህር ይመጣል፣ በአውቶቡስ፣ ከሩቅ፤
ያኔ እንዘጋዋለን። ራሱም ብሏል፦ "ሰው ስታገኝ፣ እኔን ተውና ሰው ጠይቅ።"

ገጽ አርባ ላይ ግን እርሳሱ ያበቃል። "ዛሬ ግራ እግሬ" ይልና
ነጭ ነው ከዚያ ወዲያ። ሄደ? ሰለቸው? የአናጢ እርሳሴን ቀረጽኩና
ከሥሩ "የኔም" ብዬ ጻፍኩ፤
ቆምኩ እንደገና።