ተራ ቁጥር አሥራ አራት

ቀበሌው የሰጠኝን መዝገብ በብብቴ ይዤ፣
ጫማዬን በጣቴ አንጠልጥዬ፣ በጭቃው ተጉዤ፣
ከባሕር ዳር ጥግ ደረስኩ፣ ከጋሽ ሙሄ ደጅ።
ታንኳ ያስራሉ፤ ገመዱ በጥርስ፣ ደንገሉ በእጅ።

«እንደምን አደሩ?» — «አልሐምዱሊላህ። ተቀመጥ እዚያ፣ እሥሩ ላይ፤
እርጥቡ ሱሪህን ያበላሻል፤ ከደረቁ፣ ከበላይ።»

ስም፣ ዕድሜ፣ የቤተሰብ ብዛት፤ «ውሃ ከየት ይቀዳሉ?»
በአገጫቸው ጣናን አሳዩኝ። «አይታይህም፣ ይሄ ሁሉ?»
ሽንት ቤት፣ ራዲዮ፣ መብራት፤ ዜሮ፣ አንድ፣ ዜሮ፤
ሁለት ገጽ ጨረስን፣ ሳይገባበት እሮሮ።

ከዚያ ተራ ቁጥር አሥራ አራት፦
«የአፍ መፍቻ ቋንቋ»፣ ካሉት ሳጥኖች ባንዱ ላይ ጭረት።
አማርኛ ልል ነው። በምን ሌላ ነው ያወራነው?
እሳቸው ግን «ቆየኝ፤ ይሄ አፍ መፍቻ ምንድነው?»
«መጀመሪያ የተናገሩበት፣ እናት ለልጇ የምታወርሰው።»
«የኔን አፍ የፈታው ረሃብ ነው፤ የእናቴን ያሰረው ደግሞ ሰው።

«አያቴ ሌላ ነበራቸው። ገበያ ሲወርዱ ይደብቁታል፣
እንደ ተቀደደ እጀ ጠባብ ጋቢ ይደርቡበታል።
ከኛ ዕቃ ሰው ውሃ አይጠጣም ነበር። አፋቸው እንዳያስለይ
በናንተ ተናገሩ፤ በራሳቸው ሲመሽ ብቻ፣ ውሃው ላይ።
አባቴ ግማሹን ያዘ። እኔ…» ጣታቸውን ቆጠሩ፣
አንድ፣ ሁለት፤
ሦስተኛው ላይ ተጠራጠሩ።

«አንዷን ልበልልህ?»
አሏት።

አጭር ናት። መጨረሻዋ ላይ ትንፋሽ አላት፣
ደንገል ሲታጠፍ የሚወጣ ዓይነት።
ትርጉሟን ጠየቅኩ። «እንጃ። ‹ና› ይሁን ‹ተነስ›፣
ብቻ አያቴ ሲሏት አባቴ ይቆም ነበር፤ ልጅ ነኝ፣ አላስታውስ።»
ልጽፋት ሞከርኩ። ይሄ ሁሉ ፊደል፣
አንዱም አልያዛት፤ እንደ ተዘገነ ውሃ ከጣቴ ሥር ስትጎድል።

«አንተስ?» አሉኝ።

እኔ የራሴን ቤት ባለፈው ሳምንት ሞልቻለሁ፤ አማርኛ።
እናቴ የዳንግላ ናት። ለኛ አማርኛ፣
ላሟን ስታልብ አገውኛ፤
ጥጃው ከኔ ይልቅ ይሰማታል።
ብር ስትቆጥርም በሱ ነው፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣
ስንት እንዳላት ሳላውቅ አድጌያለሁ።

ከመንገዱ ኢተፋ የጭነት መኪናውን ያሞቃል፣
አምባዛ ሊጭን መጥቶ ሰሌዳውን፣ «ኦሮ»ውን፣ በጭቃ ለቅልቋል።
የኛው ሹፌር ደግሞ ወዲያ ሲሻገር «አማ»ውን ይለቀልቃል።
ጭቃው ያው ጭቃ ነው። ይደርቃል። ይረግፋል።

እኔም ዝምታው ሲከብደኝ፣ ከልጅነቴ የሰማሁትን፦
«ግልገል ዓባይ በጣና መሃል ሲያልፍ አይቀላቀልም ይባላል፤
እንደገባ እንዲሁ ይወጣል።»
ረጅሙን መቅዘፊያ አነሱ። «ስድሳ ዓመት በዚህ ወጋሁት፣
ወንዙን ለብቻው አላገኘሁት።
ተቀላቅሏል። እናንተ ‹ተቀላቀልን› ስትሉ ደስ ይላችኋል፤
እኔን ጠይቁኛ፣ የትንሹ ውሃ ስም የት ይገኛል?
ትልቁ ክፉ ሆኖ አይደለም። አያስተውልም፤ ዋጠና ተኛ።
ደግሞ ‹ለየብቻ እንቅዳው› ትላላችሁ፤
እስኪ ልየው ያንን ቀጂ፣ ያንን ዳኛ።»

ታንኳው አለቀ። አብረን ገፋነው፤ እርጥብ ደንገል ከበደ።
ጋሽ ሙሄ ወጡበትና ያችን ቃል ደገሟት፤ ታንኳው ሄደ።
እኔ ውሃው ውስጥ፣ እስከ ጉልበቴ፣
ቀጥ ብዬ ቆሜያለሁ። መዝገቡ ከብብቴ።

ማታ ተቆጣጣሪው ገጹን ገልጦ፣ «አሥራ አራትን ለምን ዘለልህ?»
«ረሳሁት» አልኩ። ውሸትም አይደል።
ከዚያ ዳንግላ ደወልኩ። «እማ፣ እስኪ ከአንድ እስከ አሥር ቁጠሪልኝ፣
በዚያኛው።»
ዝም አለች። ላሟ ስታገሳ ይሰማል።
«ምነው ልጄ፣ ብር ጎደለህ?»