አውራ ጣት

ሞጣ ከእህል በረንዳ ሠላሳ ዓመት ቆሜ፣
የስንቱን ጆንያ መዘንኩ፣ ማልጄ፣ አምሽቼ፣ ደክሜ።
ጤፍ ከመዳፌ ላይ አንዴ ካሸተትኩት፣
የደጀን፣ የቢቸና፣ የእነብሴ ነው ካልኩት፣
ተሳስቼ አላውቅም።

ልናገር እንግዲህ፣ ምንም ቢያሳፍረኝ፤
በብረቱ በኩል ጣት ጫን የሚያስደርገኝ
አንድ ልማድ ነበረኝ።
ግማሽ ኪሎ፣ ሩብ፣ ሲጠፋም አንድ እፍኝ።
ገበሬው ዝም ይላል፣ ለእግዜር እየሰጠኝ።

ጥቅምት ላይ ጀመረኝ፤ ሦስት ደረጃ ስወጣ፣
ልቤ ከጎኔ ላይ ሊያመልጠኝ ሲቃጣ።
ሚስቴ አንጓች በፀሐይ የዓይኔን ቆብ ገልብጣ፣
«ቀዩ ወዴት ሄደ?» አለችኝ ደንግጣ።
ምስር አበላችኝ፣ ጉበት አበላችኝ፣
የቀይ ሥር ጭማቂ በጣሳ ሰጠችኝ።
ጠበልም ወረድሁ። መፋቂያዬን ባየው
ደም ነክቶታል ሁሌ፤ ክንዴም ማን ሳይመታው
ይበልዛል፣ ይጠቁራል።

ባሕር ዳር ወሰዱኝ። ከዳሌዬ አጥንት
መቅኔዬን ቀዱና አዩት በመስታወት።
ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ይበልጣል ይሉታል፤
የገበሬ ልጅ ነው፣ ቋንቋዬ ይገባዋል።
«ጋሼ እንየው» አለኝ፣ «ደም የሚዘራበት
ማሳው መቅኔዎ ነው፤ አረም ወጣበት።
ነጭ አረም፣ ያልበሰለ፣ ማሳውን የወረረ፣
ቀዩ እንዳይበቅል መሬቱን አጠረ።
እናርማለን፤ ግን መድኃኒቱ ሲያርም፣
ለጊዜው ከአረሙ ጋር ቀዩንም አይምርም።»
ከወረቀት አነበበ፦
«ሄሞግሎቢን አምስት ነጥብ ሁለት ነው» አለ፣
«አሥራ ሦስት መሙላት ሲገባው ጎደለ።»

ጎደለ።
ይህን ቃል ስንት ሰው በሬ ላይ ቆሞ አለ!

ማታ ላይ አመጡ ከረጢት ሙሉ ደም፤
ቁጥር ተለጥፎበት፣ ስም ግን የለውም።
በእኛ አገር ደም መላሽ ነፍጥ አንግቶ ይመጣል፤
ይሄ ደም መላሽ ግን ክንዱን ሰጥቶ ወጥቷል፣
ሻይ ጠጥቶ ይሆናል፣ ወደ ቤቱ ሄዷል።
አሸተትኩት፤ ከንቱ። ከላስቲክ በቀር ሽታ
የለውም። የደጀን? የቡሬ? የሞጣ?
ምናልባት ተማሪ፣ ምናልባት ወታደር፣
ምናልባት ከዓመት በፊት እኔ በረንዳ ዳር
ጤፉን የመዘንኩለት፣ ጆንያ ተሸክሞ፣
ግማሽ ኪሎ አጉድዬው የሄደ አዝግሞ።

የማታዋን ነርስ ዘብናይን ጠየቅኋት፤
«ስንት ይመዝናል?» ስል፣ ጥያቄው ገርሟት፣
«ሙሉ ነው፣ አባቴ» አለች።

ሙሉ ነው።
ሌሊቱን አደርኩኝ ጠብታ እየቆጠርኩ፤
ሺህ ላይ ስደርስ ጠፋኝ፣ እንደገና ጀመርኩ።

ጠዋት፣ «ከንፈርህ ቀላ» አለችኝ አንጓች፤
ሰባት ነጥብ አንድ። ለሳምንት ትሆናለች።
ከዚያ ትወርዳለች፤ ይበልጣል አልደበቀኝም፤
ሌላ ከረጢት ይሻል፣ ሁልጊዜ አይገኝም።
ስንት ሳምንት እንዳለኝ እኔም አልጠየቅሁም።

ልጄን ሽታሁንን በስልክ አገኘሁት፤
«ስትመዝን ግራ እጅህን ኪስህ ክተት» አልኩት።
«ለምን?» አለ። ዘጋሁት።

ዛሬም ጣቴን ወጉኝ ለጠዋት ልኬታ።
«ይጫኑት» አለችኝ ጥጥ ሰጥታ፣ ለአፍታ፣
«ደሙ እስኪቆም ድረስ።»
የእኔ ቶሎ አይቆምም።
አውራ ጣቴ ያውቃል፤ ሠላሳ ዓመት ለምዷል።
ጫንኩት።