ደባል

ይመር ነው ያመጣት፣ ከጎሬ ሲመለስ፤
ከጣውላው ጭነት ሥር ያልሞተች አንዲት ነፍስ፣
ከተሰበረ እንጨት በነጭ ሥር ተጣብቃ፣
አምስት ቅጠል ይዛ፣ ባቧራ ተደፍቃ።
«ጋሽ አሊጋዝ፣» አለኝ፣ «ጡረታ ወጥተሃል፤
ይቺን ለማስታመም ያንተ ጊዜ ይበቃል።
ኦርኪድ ይሏታል አሉ።» ጡሩምባውን ነፍቶ
ወደ ሚሌ ሄደ፣ ስሟን ብቻ ትቶ።

ወይዘሮ ትርንጎ፣ ደባል ያረገችኝ፣
ከጓሮዋ ቆርሳ አንድ ክፍል የሰጠችኝ፣
ቆማ አየቻትና ከንፈሯን መጠጠች፤
«ይቺማ ተቀጽላ፣ በሰው ወዝ ያደገች!
ዘይቱኔን ካስነካህ ትመጠዋለች» አለች።
እኔም ከጣራው ጠርዝ፣ ከሽቦ ላይ ሰቀልኳት፣
የማንንም ግንድ ሳትነካ ባየር ላይ አኖርኳት።

ለቅሶ ደርሼ ስመጣ፣ በሦስተኛው ቀን፣
የጎረቤት ልጅ ሸምሲያ አሳየችኝ ሥራዋን፦
ጥቁር አፈር አምጥታ፣ እበት ቀላቅላ፣
በወተት ዱቄት ጣሳ እስካንገቷ ተክላ፣
ጧት ማታ አጠጥታት፣ እንደ ጎመን መደብ።
«ርቧት ነው ብዬ ነው።» ምን ይባላል፣ የልጅ ልብ?

ሳወጣት ሥሮቿ ጠቁረው፣ ላሽቀው፣
እንደ ራሰ ክር በጣቶቼ መሃል አለቁ።
ከሰባቱ ሁለት ቀረ።
የሚገለው ረኀብ ብቻ አይደለም፤
ለልጅቷ አልነገርኳትም።

መቀሱን በክብሪት ለበለብኩ።
የበሰበሰውን ቆርጬ፣ ቁስሉ ላይ የከሰል ዱቄት ነሰነስኩ፤
የዋንዛ ቅርፊት አመጣሁና
ከፋብሪካ በቀረኝ ሃያ ቁጥር ክር አሰርኳት፣
ሳላጠብቅ፣ ሳላላላ፣
ሕፃን በአንቀልባ እንደሚታዘል።

ሠላሳ አንድ ዓመት ፈትል ክፍል ነበርኩ።
እዚያ አየር ሲደርቅ ክር ይበጠሳል፤
ስለዚህ ከኮርኒሱ ቀን ከሌት ጭጋግ ይረጫል፣
ሸሚዛችን እርጥብ፣ ቅንድባችን ጥጥ።
ስስል እያደርኩ ያን ጭጋግ ስንቴ ረገምኩት!
አሁን ነው የገባኝ፤
ክርም ሆነ ሥር የሚጠጣው ከአየር ነው፣
ከባልዲ አይደለም።

ኮምቦልቻ ጉም የላትም። ጉሙ የደሴ ነው፤
ሐረጎ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያየናል እንጂ አይወርድም።
እኔ ግን ጎህ ሲቀድ በልብስ መተኮሻ መርጫ
የራሴን ጉም እሠራለሁ፣
በዝናብ ውኃ ብቻ፤
የቧንቧው ማንቆርቆሪያዬን በኖራ ለብጦታል።
የመጀመሪያው ዝናብ ጣራው ይታጠብበት፣
ሁለተኛውን በበርሜል እቀበላለሁ።
ስትጠማ ሥሯ ብር ይመስላል፣
ስትጠግብ አረንጓዴ።
ከዚያ ወዲያ አንድ ጠብታ አልጨምርም፤
ከሁሉ የከበደኝ ማቆሙ ነው።

«ጉም መዝገን» ይላል ሰው፣ ለከንቱ ድካም።
እኔ ግን አየኋት፣
ጣቷን ዘርግታ፣ ጉም ዘግና፣
ቅጠል ስትሠራበት።

በሦስተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሲወጣ፣
ቀጭን ዘንግ አወጣች፤ በዘንጉ ስድስት ነጭ ኮከብ፣
ከየኮከቡ ጀርባ መርፌ ላይ እንደዋለ ክር የረዘመ ጅራት።
ቀን ቀን ሽታ የላትም።

እኩለ ሌሊት በሬ ተንኳኳ።
ወይዘሮ ትርንጎ፣ ባትሪ በእጇ፦
«አሊጋዝ! በዚህ ሰዓት ሽቶ የተቀባች ማናት?
በቤቴ እንዲህ ያለ ነገር አልወድም!»
ወደ ጣራው ጠርዝ ጠቆምኳት።
አበራችና አየች። መልሳ አጠፋችው።
በጨለማው ውስጥ፣ መብራት ሳይጠራት፣
የእሳት እራት መጣች፣
ያን ሌሊት ለራሷ እራት።

«ምን በልታ ነው እንዲህ?»
«የማንንም አልበላችም።»
ብዙ ዝም አለች። ከዚያ በባዶ እግሯ መሆኗ ትዝ አላትና ገባች።

ሲነጋ ሽቦው ባዶ ነው። ክው አልኩ።
ለካ ዘይቱኑ ላይ፣ ቅርንጫፉ መንታ ከሚወጣበት፣
ቅርፊቷ በነጠላ ጥለት ቅዳጅ ታስሯል፤
ትንሽ ጠብቋል።
ትርንጎ ሳታየኝ አላላሁት።