ከንድፉ ውጪ

ሰኞ ሰኞ ጠዋት ኪልማርኖክን ትቼ፣
ስስ ነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ በጫንቃዬ አንግቼ፣
የኢርቪንን ወንዝ ዳር ጭቃውን አቡክቼ፣
ኒውሚልንስ እደርሳለሁ።
ወኪል ነኝ። ሥራዬ ቀዳዳ መቁጠር ነው፤
ሌላው ከቀዳዳ ይሸሻል፣ የኔ እንጀራ ከሱ ነው።

ጨርቁ ላይ ንድፍ አለ፣ በሰማያዊ ቀለም፤
ሐረግ፣ ቅጠል፣ ፍሬ፣ ግን ገና ነፍስ የለም።
ሴቶቹ በወስፌ ነጥቡን ይወጉታል፣
የቆሰለውን ጠርዝ በክር ይዘመዝሙታል።
ወግተው ቢተዉትማ ሁሉም ይተረተራል፤
ከተዘመዘመ ግን
ከጨርቁ ዕድሜ በላይ ቀዳዳው ይኖራል።
ስሙንም «ዓይን» ይሉታል።

ሲመሽ አራት ሆነው አንድ ሻማ ይከባሉ፤
ከሻማው ፊት ውሃ የሞላ የብርጭቆ ኳስ ይሰቅላሉ፣
ብርሃኗ እንድትበዛ።
ዓይናቸው ሲፈዝ ደግሞ በውስኪ ይታጠባሉ፤
ያቃጥላል፣ ያነቃል፣ እንደገና ይጠልፋሉ።
«ባሎቻችን ይጠጡታል፣ እኛ ግን እናይበታለን»
ትል ነበር ግሪዝል ፐርዲ፣ መርፌዋን ከንፈሯ ላይ ይዛ።

እኔ መዝገብ አለኝ።
የደም ጠብታ፦ ሁለት ፔንስ ይቀነስ።
ጥላሸት፦ አንድ። የተዘለለ ዓይን፦ ግማሽ ይቀነስ።
«ይጨመር» የሚል ዓምድ አላሰመሩልኝም፤
እኔም አሥራ አራት ዓመት ለምን ብዬ አልጠየቅሁም።

አንድ የክርስትና ቀሚስ፣ ስምንት መቶ ዓይን ያለው፣
ከግሪዝል ተቀብዬ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት።
ቆጥሬ ቆጥሬ አንድ ዓይን ተረፈኝ፤
ሻማውን አስጠግቼ ደገምኩ፣ ተረፈኝ።
ከንድፉ ውጪ ናት፣ ቀለሙ ባልደረሰበት፣
ከታች ከእጥፋቱ ግራ ጥግ፣ ሰው በማያይበት፤
የምስር ፍሬ የምታህል፣ ዙሪያዋ የተዘመዘመ።

«ግሪዝል፣ ይቺ ምንድን ናት?»
«የቷ?»
«ይቺ።»
አላየቻትም። በጣቷ ዳብሳ አገኘቻት።
«ሌላው የጌታህ ነው፤ ስምንት መቶውን ቁጠርና ክፈል።
ይቺ የኔ ናት፣ አልሸጥኳትም።
የሰው ልጅ ክርስትና ሲነሳ፣ ያን ሁሉ ዓይን የሠራሁት ሴት፣
በአንዷ እንኳ ትንሽ ልይ ብዬ ነው።»

ምን ብዬ ልጻፈው? ትርፍ ዓይን ስንት ይቀነሳል?
ብዕሬን ነከርኩ፣ ቀለሙ ጫፉ ላይ ደረቀ።
አጣጥፌ ከተትኩት።
ከዚያ ወዲያ በየቀሚሱ፣ ያው ጥግ፣ ያቺው ዓይን፤
እኔም በየሳምንቱ አላየሁም አልኩ፣
ያየሁት እኔ ብቻ ሆኜ።

ኋላ ከባሕር ማዶ ጦርነት ተነሳና ጥጥ ጠፋ፤
ስዊሶቹም መኪና ሠሩ፣ በአንዴ ብዙ ዓይን የሚሰፋ፣
ውስኪ የማይጠይቅ፣ ጣቱ የማይደማ።
መዝገቡን መለስኩ። ግሪዝልን ልሰናበታት ብሄድ
በሯ ላይ ቆማ ድምፄን ፈለገች፣
ፊቷን ወደ ጎረቤቱ በር አዙራ።

ዘንድሮ ምራቴ ከገበያ ያገለገለ ቀሚስ ገዛች፣
ለልጅ ልጄ ክርስትና፤ «ርካሽ ነው፣ ግን ሥራውን እየው» አለች።
ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሕፃኑን ታቅፌ ቆሜ፣
እጄ በልማዱ ወረደ፣ ወደ ግራው ጥግ።
ነበረች።
ጨርቁ ሳስቷል፣ ትከሻው ላይ ተጥፏል፣
እሷ ግን አንድ ክር አልተፈታችም።
ትንሿን ጣቴን ሰደድኩባት፣ ከወዲያ ማን አለ ብዬ፤
አልወጣ አለችኝ።

ቄሱ እጃቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው «ስሙ ማነው?» ይላሉ፤
ምራቴ «አባባ፣ ልጁን ስጣቸው እንጂ!» ትላለች፤
ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል፤
እኔ ግን በአንዲት ትርፍ ዓይን
ከነጣቴ ተጠልፌ ቆሜያለሁ።