ሒሳቡ በፊደል ነው

ከወፍጮ ቤቱ ጎን፣ ከሱሉልታ አስፋልት ዳር፣
ፊደል በመቶ ብር እቀርጻለሁ፤ የለም ክርክር።
(ነጥቡን አላስከፍልም።)

ተከራዬ መምህር፣ መብራት የጠፋ ለት፣
አንድ ወረቀት ይዞ ብቅ አለ ከኔ ቤት፤
የሮም ፈረሰኛ የመቃብሩ ጽሑፍ፣
ድንጋዩ ጠበበው፣ ሹመት ሲትረፈረፍ፦
«መጀመሪያ በብሪታንያ፣ የእግረኛ ጭፍራ አለቃ፤
ቀጥሎ በዳኑብ ወንዝ፣ የሌጌዎን ሻለቃ፤
ሦስተኛ ግብፅ ወርዶ፣ የፈረሰኛ ክንፍ መሪ፤
በስተርጅናው ደግሞ የቄሣር ግብር ቆጣሪ።»
እኔ ፊደሉን ቆጠርኩ፣ ልማዴ ነው መቼስ፤
ሁለት መቶ አለፈ! የባለጸጋ ሬሳ ነው ይኼስ።

በሳምንቱ መጡ ወይዘሮ ደብሪቱ፣
የባላቸው ማዕረግ በእጃቸው፣ ከነወረቀቱ፦
መቶ አለቃ፣ በክቡር ዘበኛ ፈረሰኛ ጦር፤
ሻምበል፣ በእግረኛ፣ ጎዴ፣ ከአሸዋው ዳር፤
ከዚያ፣ ወረቀቱ ዝም የሚልበት ቦታ፦
የውሃ ፋብሪካ ዘበኛ፣ አሥራ ሁለት ዓመት፣ ማታ በማታ።

ብሩን ከመሐረብ ፈተው እየቆጠሩ፣
«ሹመቱን ተወው» አሉ፣ «የሾሙትም ተሻሩ።
የሚበቃው ይኼ ነው፤ ጻፍልኝ» አሉና፦
አባ ዳመና።

አምስት ፊደል።
ዳለቻ ነበር አሉ፣ ግንባረ ቦቃ፤
ጦሩ ሲበተን ለጋሪ የተሸጠ፣ እንደ ሐራጅ ዕቃ።
ሻምበል ግን ባለጋሪ ባለፈ ቁጥር፣
ኬላቸውን ትተው ግንባር ያዩ ነበር።

ማታ መሮ ስስል መምህሩን ጠራሁት፤
«የዚያ የሮሙ ሰውዬ ፈረስ ማን ይባላል?» ብዬ ጠየቅሁት።
ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውንም አየልኝ፤
«አልጻፉትም» አለኝ።