ማስረጃ ሰባት

ሥዕሉ ላይ መርከብ አለ፤ ነጭ ነው፣ ባለ ሦስት ፎቅ፤
ዙሪያው ውሃ ነው፣ እንደ ሠርግ ብርጭቆ የሚያብረቀርቅ።
ከመርከቡ ራቅ ብሎ፣ ከሰማዩ ጥግ ሥር፣
በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ጫፉ እንደ ጥርስ የሚያምር።
ከግርጌው በቀይ ቀለም፦ «የጣና ባለቤት ይሁኑ!
አንድ አክሲዮን አምስት ሺህ ብር፤ ዕድሉ ሳያልፍ ይወስኑ!»

የጥብቅና ፈቃዴ ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር፤
ቢሮዬ ከጎማ ጠጋኝ በላይ፣ ግሽ ዓባይ ሰፈር፣
ሁለት ወንበር፣ አንድ ማራገቢያ የማይዞር።
አንድ ሰኞ ዘጠኝ ሆነው መጡ፤ ሁለቱ ተቀመጡ፣
የቀሩት እንደቆሙ ከፌስታል ወረቀት አወጡ፤
ባለ ማህተም፣ ጠርዙ ወርቃማ፣ እንደ ሠርግ ጥሪ ያጌጠ፣
አይጥ እንዳይበላው ጣሪያ ሥር፣ በላስቲክ የተቀመጠ።

የዝብነሽ ናት፤ ዓሣ ገበያ ቀረሶ የምትበልት፣
የአሥራ አንድ ዓመት ዕቁቧን የሰጠች በአንድ ዕለት።
ጋሽ ይማም ነው፤ ከዓባይ ማዶ፣ ደንገል አስሮ ታንኳ የሚሠራ፤
ማንበብ አይችልም፤ ሥዕሉን አየና፦ «እታለም፣ የምን ተራራ?
አርባ ዓመት ቀዘፍኩት ጣናን፣ ከዘጌ እስከ ጎርጎራ፣
በረዶ የጫነ አናት አላየሁም። ይሄ የሰው አገር ውሃ ነው፤
መርከቡስ የማን ነው?»

ከዚያ ቀን ወዲህ ሥዕሉ ስም አለው፦ ማስረጃ ሰባት።

ጠበቃ ይሉኛል፤ እውነት ነው፣ ጠበቅሁ።
ዳኛው ታመው ጠበቅሁ፤ መዝገቡ ጠፍቶ ጠበቅሁ፤
ሂሳብ መርማሪው «ነገ» ሲል፣ መብራት ሲሄድ ጠበቅሁ፤
በችሎቱ ደጅ የዘንባባውን ጥላ በእርምጃ ለካሁ።
በአራት ዓመት ሃያ ሦስት ቀጠሮ፤
እናቴ «ሥራሽ ግን ምንድነው?» ስትለኝ ሳቅሁ።

እምቦጩ በበኩሉ አበበ፤ ሐምራዊ፣ ላየው የአትክልት ቦታ፣
ከሥር ግን ውሃውን ይጠጣል፣ ዓሣውን ያፍናል በዝምታ።
የማህበሩም ሂሳብ እንዲያ ነበር፤ ከላይ ትርፍ ያበበበት፣
ከታች እጄን ሰድጄ ብዳብስ፣ ወለል የሌለበት።

የተከሳሾች ጠበቃ፣ ጫማው የሚያበራ፣ በአውሮፕላን የመጣ፣
«ተራራውን አይተህ ከገዛህ፣» አለው፣ «ማን አታለለህ? እስቲ አምጣ!»
ችሎቱ ጸጥ አለ።
እኔም። ይህን ጥያቄ አላሰብኩትም ነበር።
ይማም ቆቡን አውልቆ እንደ እርጥብ ጨርቅ ጨመቀው፦
«አይቻለሁ ጌታዬ። ግን ፊደል የቆጠረው ሁሉ በአዳራሹ አጨበጨበ፤
‹ዓይኔ ነው የተሳሳተ› አልኩ። ያላነበበ ካነበበ
በልጦ ያያል ብዬ፣ በምን አፌ?»

ፈረዱልን።
ሊቀመንበሩ የለም፤ ባንኩ ውስጥ ያለው ባዶ ቁጥር፤
የተገኘው ንብረት፦ አንድ ጄኔሬተር፣ አርባ ወንበር፣
እና መልሕቅ። መርከብ የሌለው መልሕቅ፣ ዝገት የበላው።
ተሸጠ። ከአንድ ብር አሥራ አንድ ሳንቲም ደረሰ ለባለቤቱ።
የዝብነሽ ሁለቴ ቆጠረችው፣ ዓሣ ዓሣ በሚሸት ጣት፤
«ከአሥራ አንዱ ዓመቴ አንዱን መለስሽልኝ» አለች፤
ምስጋና ይሁን ወቀሳ፣ እስካሁን አልገባኝም።

ማራገቢያው ዛሬ ይዞራል፤ ጎማ ጠጋኙም ከታች አለ፤
የሰሊጥ፣ የቤት፣ የማር አክሲዮን ይዞ፣ አንዱ ሌላውን ተከተለ።
ቁጭ ይላሉ፤ ወረቀቱን ያወጣሉ፤ እኔ ማህተሙን አላይም፣
ፊርማውን፣ የትርፉን ቁጥር፣ ቶሎ አላነብም።
ሥዕሉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞራለሁ፤
መጀመሪያ ተራራውን አያለሁ።